እማማ ወለቱ የገዙት ሳምንት

ሳምንት ሸጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሸጫለሁ። ፍየል አላልኩም፤ ማርም አላልኩም። ሳምንት ነው ያልኩት፤ ያ ከሰኞ እስከ እሁድ ያለው፣ ፈጣሪ ለሀብታሙም ለድሀውም እኩል ያደለው ሰባት ቀን። እሱን አንስቼ ዋጋ ለጥፌ ሸጥኩ። እንዴት እንደሸጥኩና እንዴት እንደተመለሰብኝ ልንገራችሁ፤ ካወራሁት ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ሰቆጣ ፍርድ ቤት አጥር ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የመቀመጫ ዱካና አንድ ጥቁር ጃንጥላ አለኝ። ድንበሩ የተገፋበት፣ ፍየሉ የተነዳበት፣ ባሏ ጥሏት የኮበለለባት ሁሉ በዙሪያችን ካሉት፣ ከዝቋላም ከደሃናም ከኒሯቅም እኔ ዘንድ ይመጣል። «እንዲህ በልልኝ» ይለኛል፤ እኔም እንዲያ እልለታለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው። አንድ ቀን ዳኛው ራሳቸው ወረቀቴን ከፍ አድርገው «ይህን ሰው ማን ነው ያስተማረው?» ብለዋል። ፍርዱ በደንበኛዬ ላይ ተፈረደ፤ ጽሑፉ ግን ተመስግኗል።

አቶ ሳምሶን ሰኔ መግቢያ ላይ ከአዲስ አበባ መጣ። ያን ሁሉ መንገድ ሸሚዙ ሳይጨማደድ እንዴት እንደዘለቀው እስካሁን ይገርመኛል። የሚሠራበት ድርጅት (ስሙን አልጠራም፤ ክስ ስጽፍ ስለኖርኩ ክስ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ) ወደ ደቡብ ካሉት ሐይቆች በአንዱ ዳር የመዝናኛ ቤቶች ሠርቷል። ቤቶቹን ግን አይሸጥም። የሚሸጠው ቤቱ ውስጥ የሚታረፍበትን ሳምንት ነው። አንዱን ቤት ሃምሳ አንድ ሰው ይገዛዋል፤ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ሳምንት ገብቶ ያርፍና ቁልፉን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ሲሞት ለልጁ ያወርሳል፤ ልጁም ለልጁ። ሃምሳ ሁለተኛዋ ሳምንት ለቀለምና ለጥገና ትዘጋለች። ይህችን ሳምንት አደራ አስታውሱልኝ።

«ሰቆጣ ውስጥ ይህን ማን ይገዛል?» አልኩት።

«ልጁን ውጭ አገር የላከ ሁሉ» አለኝ። «ገንዘብ ይመጣላቸዋል፤ ማረፊያ ግን የላቸውም። ደግሞ እርስዎን ሰው ያምንዎታል ጋሼ። ያ ሁሉ እምነት እኮ ዝም ብሎ ተቀምጧል!»

የቆመ መኪና ያየ ደላላ ነበር የሚመስለው። እኔም ሞኙ፣ እውነትም እምነቴ ሥራ ፈትቶ የኖረ መሰለኝና የአካባቢው ወኪል ለመሆን ተስማማሁ። ለእያንዳንዱ ፈራሚ ኮሚሽን አለኝ ተባለ። ለባለቤቴ ለአስካለ ስነግራት «ሳምንት?» አለች፤ ጥቂት አሰበችና «ማክሰኞን ጨምሮ?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሳምሶን ሁለት ቀን ሙሉ ሆቴል ውስጥ አስቀምጦ አሠለጠነኝ። ያለኝን ሁሉ በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ ደብተር ላይ አሰፈርኩ። ሰውየውን ከነሚስቱ ጥራ፤ ብቻውን ከመጣ «ከቤት ልማከር» ብሎ ያመልጥሃል። ከበሩ ራቅ አድርገህ አስቀምጠው። «አዎ» ብቻ የሚያስብሉ ጥያቄዎችን ጠይቅ፤ አምስት ጊዜ «አዎ» ያለ አፍ ስድስተኛውን «አይ» ማለት ያቅተዋል። ዋጋውን ትልቅ አድርገህ ጻፍና በፊቱ ሰርዘው፣ ከዚያ «ለእርስዎ ሲባል» ብለህ ያነሰውን ጻፍ። ይህ ዋጋ ዛሬ ብቻ ነው በል። ከሁሉም በላይ ግን አብላ! «ምሳችንን የበላ ሰው» አለኝ ሳምሶን፣ «እምቢ ለማለት ዓይኑን ያፍራል።»

ይህኛው ትክክል ነው። እኛ ዘንድ የሰው እህል ቀምሶ ፊት ማዞር ነውር ነው። ስለዚህ ምሳውን ሳምሶን ያዘጋጅ፣ ቀኑን እኔ ልምረጥ ተባባልን። እኔም ዐርብ መረጥኩ፤ ዐርብ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ አያበዛም።

እንግዲህ አስቡት። ዐርብ፣ በዚያ ላይ የሰኔ ፆም ገብቷል። የሆቴሉ አዳራሽ በሰው ሞልቶ ሳለ ሳምሶን ፊቱ እየበራ የሦስት ፍየል ጥብስ አስመጣ። እኔ ሽሮ ነው ብዬ ነበር፤ አልጠየቅሁትም፣ አልነገረኝም። ክርስቲያኑ ቀኑን እያሰበ ሳህኑን ገፋ፤ ከጁምዓ ሶላት የተመለሱት ሙስሊሞች ደግሞ ማን እንዳረደው ስለማያውቁ በትህትና እጃቸውን ሰበሰቡ። በሰቆጣ ታሪክ ያ ሁሉ ሰው ያን በሚያህል ጥብስ ፊት ተሰብስቦ አንድ ጉርሻ ያልተነሳበት ቀን ያ ሳይሆን አይቀርም። ሰው ለስላሳውን ጠጥቶ፣ ተነስቶ መርቆን ሄደ። ያልበላ ሰው ምን ያሳፍረዋል? ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ዕረፍት ላይ የሰነበቱት የሆቴሉ ጓሮ ውሾች ብቻ ናቸው።

ከቀሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሰይድ ነበር። ሰይድ ገበያ ዳር የልብስ ሱቅ አለው፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ሳምሶን ሰሌዳው ላይ ዋጋ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ሌላ ጻፈ።

«ቆይ» አለ ሰይድ። «እኔ ገና አልተከራከርኩህም። ማንም ሳይጠይቅህ ይህን ያህል ከቀነስክ የመጀመሪያው ዋጋ ውሸት ነበር ማለት ነው።»

ሳምሶን ሳቀ። ሰይድ ግን አልሳቀም።

«ሌላም ልጠይቅ። ሃምሳ አንድ ባለቤት ያለው ቤት ጣራው ሲያፈስ ማን ይወጣል?»

«ድርጅቱ» አልኩ፣ እንዳሠለጠነኝ።

«በማን ወጪ?»

«በየዓመቱ ትንሽ የጥገና ክፍያ አለች…»

«በል እንግዲህ፣ ሳላድርበት የሚያፈሰውንም እኔ ልክፈል በለኝ!» ብሎ እየሳቀ ተነሳ። ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ጸሐፊው፣ አንተ ብዕርህን ብትይዝ ይሻልሃል» አለኝ። ያኔ ተናድጄበታለሁ፤ ቅናት መስሎኝ ነበር።

እማማ ወለቱ የገቡት ይሄኔ ነው። ከዝቋላ የመጡት የእርሻ ድንበር ማመልከቻ ሊያስጽፉኝ ነበር። አጥሩ ሥር ቢያጡኝ ሰው ጠቁሟቸው ሆቴል ድረስ መጡ። ባልቴት ናቸው፤ ያላቸው ፍየሎችና ጥቂት የማሽላ መሬት ነው። አንዲት ልጃቸው ብርቱካን ዓረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች አምስት ዓመት ሆኗታል። እኔ ገና ብሶቴን ልነግራቸው ስል ሳምሶን ብድግ ብሎ ከበሩ ራቅ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። በዓይኑም «ጀምር» አለኝ።

ጀመርኩ። ሐይቁን ነገርኳቸው፣ ዛፉን ነገርኳቸው፣ ጸጥታውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ውኃው ጋ ስደርስ ግን ቀና አሉ።

«ውኃው ከየት ነው የሚመጣ ልጄ?»

«ከምድር ነው የሚፈልቀው። ፍልውኃ ነው።»

«ትኩስ ነው?»

«ትኩስ ነው።»

«ሰው ይገባበታል?»

«እስከ አንገቱ።»

«ሰባት ቀን ሙሉ?»

«ሰባት ቀን ሙሉ።»

«መኪናው ደጁ ድረስ ይደርሳል? ቁልቁለት የለበትም?»

«ደጁ ድረስ እማማ። አንድ እርምጃ ቁልቁለት የለበትም።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔ እኮ ልጄ፣ ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ሦስተኛ ዓመቴ ነው» አሉኝ። «ጳጉሜን ሲመጣ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲጠመቅ እኔ ከላይ ሆኜ ድምጥ ብቻ ነው የምሰማው።»

አገሩን ለማያውቅ ልንገር። ጳጉሜን ስትገባ፣ በተለይ በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ ሰው ወንዝና ጠበል ወርዶ ይጠመቃል። የእማማ ወለቱ መንደር ጠበል ከገደል ሥር ነው፤ ፍየል እንኳ ሲወርድ አስቦ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ዕረፍት ያ ነው፤ በዓመት አንዴ ስንቅ ተይዞ፣ ከጎረቤት ጋር ወርዶ፣ ሱባኤ ተይዞ፣ ውኃ ውስጥ ተቁሞ መመለስ። እኔ አንድ ሳምንት፣ የሚፈልቅ ውኃ፣ ጸጥታ እያልኩ ሳወራ በየትኛው ዓይናቸው መዋኛ ገንዳ ይታያቸው?

ልብ በሉ፤ እኔ «ጠበል» አላልኩም። ቄስ ባርኮታልም አላልኩም። የመለስኩት መልስ አንድ በአንድ ቢታይ እውነት ነው። ግን እሳቸው ምን እንደገባቸው ገብቶኛል፤ ገብቶኝም ዝም አልኩ።

«እንግዲያው ለእኔ የሩፋኤልን ሳምንት» አሉ እማማ።

ሳምሶንን ወደ ጥግ ሳብ አደረግሁት። «ጳጉሜን ነው የፈለጉት።»

«ጳጉሜን?» አለ በሹክሹክታ። «እሷማ የጥገና ሳምንታችን ናት፤ ዝግ ነው። ግድ የለም፣ መጀመሪያ አሻራቸውን ያኑሩ፤ ሳምንቱ በኋላ ይቀየራል።»

ከሃምሳ ሁለቱ ሳምንት የማይሸጠው አንድ ብቻ ነበር። እማማ ወለቱ የፈለጉት እሱን ነው። እኔም ተመልሼ «ይሆናል እማማ» አልኳቸው። ለብርቱካንም ይተላለፋል ወይ ብለው ጠየቁ። ለልጅ ልጅ ይተላለፋል አልኩ፤ ይህኛውስ ውሉ ላይ አለ። በማግስቱ ገበያ ነበርና አምስት ፍየል ሸጡ፤ ገንዘቡን በመቀነታቸው ቋጥረው አመጡና የመጀመሪያውን ክፍያ ከፍለው ሦስቱም ገጽ ላይ አውራ ጣታቸውን ተጫኑ። ማመልከቻው ትዝም አላላቸውም። ግንባሬን ሳሙኝ፣ መረቁኝ፣ እያነከሱ ወደ መኪናው ሄዱ።

ኮሚሽኔን ተቀብዬ በቀጥታ ሰይድ ሱቅ ገባሁና ለአስካለ ሻሽ ገዛሁ፤ አረንጓዴ፣ ጫፉ ወርቃማ። ሳምሶን በሚቀጥለው ቀን ወደ ሌላ ከተማ አለፈ።

አስካለ ሻሹን ዘርግታ አየችው። «ያምራል» አለች። ከዚያ አጥፋ ማመልከቻ የማስቀምጥበት ሣጥን ላይ አኖረችው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን እዚያው ነው። አራተኛው ቀን ላይ አላስችል አለኝ።

«ለምን አትለብሺውም?»

«ወለቱ ጉልበታቸውን ሊታጠቡ ነው አሉ» አለችኝ። «ገበያ ውስጥ ለሁሉም ሲናገሩ ነበር። ጸሐፊው መኪና የሚገባበት ጠበል አገኘልኝ ብለው።»

«እኔ ጠበል አላልኩም!»

«አዎ፣ አላልክም። አንተ እስከ ዛሬ ሰው ያለህን ነበር የምትጽፈው። ይህን እንጀራችንንም የሰጠን እሱ ነው። አሁን ግን ሰው ያላለውን አስፈረምክ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ እኔም እጮህ ነበር። በዚህ እጄ ጽፌ ስንቱን ሰው ከሙግት እንዳወጣሁ አሰብኩ፤ አሁን ደግሞ በዚሁ እጄ አንዲት ባልቴትን ከፍየሎቻቸው አወጣኋቸው። አፈርኩ። በእውነት አፈርኩ።

ውሉን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ምን ያህል ሞኝ እንደሆንኩ ተመልከቱ፤ ዕድሜዬን ሁሉ ወረቀት እየጻፍኩ ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ጉንዳን የጻፈው በሚመስል ፊደል፣ ገዢው በፈረመ በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካስታወቀ ውሉ ይፈርሳል፣ የከፈለውም ይመለስለታል ይላል። ሳምሶን በሁለት ቀን ሥልጠናው ይህችን አላነሳትም። በጣቴ ቆጠርኩ። የቀረው ሁለት ቀን ነው። አሻራቸው ያለበት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ እማማ ወለቱ ደግሞ ዝቋላ ናቸው፣ ስልክ የላቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ሻሹን ይዤ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። የመሳፈሪያ አልነበረኝም። እዚያ የራሴ ጽሑፍ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» እያለ ቁልቁል እያየኝ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት።

ሰይድ ሻሹን አገላብጦ አየ። «ለበሰችው?»

«አልለበሰችውም።»

«ያልለበሰችው ከሆነ አልተሸጠም» አለና ገንዘቤን መለሰልኝ።

ወደ ዝቋላ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ገበሬ የማር ጣሳ ታቅፈው ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ሊቀለኝ መስሎኝ የሳምንቱን ነገር አጫወትኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ የእኔ የሚሆን ቤት ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«እኔም በዓመት አንድ ሳምንት ብቻ ዝናብ የሚያገኝ ማሳ አለኝ። እንለዋወጥ ወይ?» አሉኝ። አይሱዙው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ማሳው ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ።

ከወረድኩ በኋላ በእግር ነው። ፀሐዩ ድንጋዩን አግሎታል፤ እኔ ደግሞ ዱካ ላይ ስቀመጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስሄድ የምናገረውን እለማመዳለሁ። «እማማ፣ ትንሽ አለመግባባት ተፈጥሯል…» አይሆንም። «እማማ፣ ድርጅቱ…» አይሆንም። ድርጅቱ አይደለማ። ከሰዓት በኋላ መንደሩ ስደርስ የሚሆነውን ዐረፍተ ነገር ገና አላገኘሁትም ነበር።

እሳቸው ቤት ስገባ አምስት ሴቶች ተሰብስበዋል። በሶ ይፈጫል፣ ቆሎ ይለቀማል። እማማ ወለቱ ሲያዩኝ እልል አሉ! «ይኸው ራሱ መጣ! ይኸው ልጄ!» ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቤቱ አራት ሰው ይይዛል ብያቸው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ብቻዬን አልጠመቅም ብለው ሳምንቱን ለመንደሩ አከፋፍለውታል። አንዷ ሁለት ቀን፣ ሌላዋ ሁለት ቀን፤ ዓይኗን የሚያማት አንዲት ሴት የሩፋኤልን ዕለት ከእሳቸው ጋር ትሆናለች። የማኅበር ተራ እንደሚያወጡ ተራ አውጥተው ጨርሰዋል። ሳምሶን ሃምሳ አንድ ቦታ የከፈለውን ቤት እነሱ አንዷን ቁራሽ ደግሞ ለስድስት ቆርሰዋታል።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ከበሩ ርቆ ያለው መደብ ላይ አስቀመጡኝ። በግራም በቀኝም ሴት ተቀመጠች። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። እምቢ ብል ነውር ነው፤ በላሁ። ሲያጎርሱኝ ጎረስኩ። አራተኛው ጉርሻ ላይ ያ ደብተሬ ትዝ አለኝ፤ ምሳችንን የበላ ሰው።

«እማማ» አልኩ፣ «ጠበል አይደለም።»

ሁሉም ቀጥ አሉ።

«ውኃው ከምድር መፍለቁ እውነት ነው። ሰዎች የሚዋኙበት፣ የሚጫወቱበት ውኃ ነው። ቄስ የለበትም። በጳጉሜን ደግሞ ቤቱ ዝግ ነው። ይህን ሲፈርሙ አውቅ ነበር። ነገ ካልሰረዝነው ፍየሎችዎ ቀሩ።»

ልምምዴ ሁሉ ቀርቶ የወጣው ይህ ነው። ዓይኗን የሚያማት ሴት ለጎረቤቷ በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ አንድ ነገር አለቻት፤ ባልሰማው ነው የሚሻለኝ። እማማ ወለቱ ግን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ቀስ እያሉ ያሹ ጀመር። ቢሰድቡኝ እንዴት በወደድኩ።

«ዝግ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ዝግ ነው እማማ።»

«በል ጻፍ።»

ወረቀት አወጣሁ። ጉዳዩ፦ ውል ማፍረስን ይመለከታል። አመልካች ብዬ ስማቸውን ጻፍኩ። ከዚያ እኔ ራሴ ራሴን መክሰስ ጀመርኩ፤ «የድርጅቱ ወኪል አታሎ ስላስፈረመኝ» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«አታሎ አትበል» አሉኝ።

«አታልያለሁ እኮ እማማ።»

«እሱን አንተ ለነፍስ አባትህ ንገር። እኔ ያልኩህን ጻፍ። ‹እኔ የፈለግሁት ሌላ፣ እነሱ ያላቸው ሌላ ስለሆነ ፍየሎቼን መልሱ› በል።»

እንዳሉኝ ጻፍኩ። ከጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ሁሉ አጭሩ ያ ነው፤ አንድም ትርፍ ቃል የለበትም። አውራ ጣታቸውን ተጫኑበት። ተነስቼ ልወጣ ስል እማማ ወለቱ «ወዴት?» አሉኝ።

«ኔትወርክ ወዳለበት ጋራ። ፎቶውን አሁኑኑ ልላከው።»

«ቁጭ በል። አልጨረስንም።»

ተቀመጥኩ። ሴቶቹም ጠጋ ጠጋ አሉ።

«ቁልቁለቱን አይተኸዋል?» አሉኝ እማማ።

«አዎ።»

«ጉልበቴንስ?»

«አዎ።»

«አንተ እግር አለህ?»

«አዎ።»

«እጅስ?»

«አዎ።»

«ሰቆጣ የሚከራይ በቅሎ አለ?»

«አዎ።»

«የሰጠኸኝን ተስፋ ነጥቀህ ባዶ እጄን ትተኸኝ ልትሄድ ነው?»

ስድስተኛው ላይ አፌ «አይ» ማለት አቃተው። ወይም «አዎ» ማለት፤ የትኛው እንደሆነ ጠፋብኝ።

«መጀመሪያ ያሰብኩት ጳጉሜንን ሙሉ አንተም ሚስትህም መጥታችሁ እንድታገለግሉን ነበር» አሉ። «ለአንተ ስል ሚስትህን ትቻታለሁ። አንተ ብቻ በቅሎ ይዘህ ትመጣለህ፤ ስድስታችንን በተራ ታወርደናለህ፣ በተራ ታወጣናለህ። ይህ ዛሬ ብቻ ነው። ነገ ሚስትህንም እጨምራለሁ።»

በእውነት እምላለሁ፣ ደብተሬን አላሳየኋቸውም። እሳቸው ሆቴሉ ውስጥ እኔና ሳምሶን ያደረግነውን ሁሉ ቁጭ ብለው ሲያዩ ነበር። ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ። በዓመት አንድ ሳምንት፣ ጳጉሜንን ከነዋዜማዋ ሰባት ቀን፣ በቅሎ ከእኔ፣ ስንቅ ከእነሱ።

«እስከ መቼ ልበል?» አልኩ።

«ለልጅ ልጅ ይተላለፋል ብለህ አልነበር ያነበብክልኝ?» አሉ። «እሱን ገልብጥ።»

ገለበጥኩ፤ ፈረምኩ። ሴቶቹም ደስ ብሏቸው አንድ ጉርሻ ጨመሩልኝ። ከዚያ ጋራው ላይ ወጥቼ፣ ስልኬን እንደ ጥላ ከፍ አድርጌ፣ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ደብዳቤውን ላክሁት። ሳምሶን ወዲያው ደወለ። «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው? በገዛ እጅዎ?» አለኝ። በገዛ እጄ ነው አልኩት፤ ጽሑፉን አታየውም ወይ።

ገንዘቡ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተመለሰ። በዚያ መሀል የፍየል ዋጋ ወጥቶ ኖሮ የአምስቱ ገንዘብ አራት ብቻ ገዛ፤ አምስተኛውን ከተረፈኝ የሻሹ ገንዘብና ከአስካለ መቀነት ሞልቼ እኔ ገዛሁ።

ጳጉሜን ሲገባ በቅሎ ተከራይቼ ሄድኩ። ቁልቁለቱን ስድስት ጊዜ ወረድኩ፣ ስድስት ጊዜ ወጣሁ። የሩፋኤል ዕለት እማማ ወለቱን ከበቅሎዋ አውርጄ፣ ደግፌ፣ ውኃው ድረስ አደረስኳቸው። እስከ ጉልበታቸው ገብተው ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ለሩፋኤል ዝናብ ሰጡ። ጉልበታቸው ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ሲመለሱም ያነክሳሉ። ግን በዚያ ሳምንት ሥራዬ ሰው ማድረስና መጠበቅ ብቻ ነበርና፣ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በቅሎዋን ይዤ ስጠብቅ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፍኩ።

ይኸው ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው። ባለፈው ወር፣ አጥሩ ሥር ተቀምጬ ስጽፍ፣ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ብርቱካን ናት፣ ከዓረብ አገር። ሰዎቹ ሳይሰሟት ቀስ ብላ ነው የምታወራው።

«ጋሼ ጸሐፊው፣ እናቴ አንቺም አንድ ሳምንት አለሽ አለችኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ውሉ ላይ አለ።»

«እዚህ የዕረፍት ቀን የለኝም። ሰባቱንም ቀን ነው?»

«ሰባቱንም።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም። መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት፤ ትንፋሿ ይሰማል።

«እንግዲያው ጋሼ» አለችኝ፣ «እስክመጣ ድረስ ለማንም እንዳትሸጥብኝ።»